ሃይሉክስ 5ኤል፦ «የፖምፓው ፕሬሸር ይጨመር» ተባልኩ፤ እሺ ልበል?

ሽንኩርት_ጫኝ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ጤና ለሁላችሁ። ትንሽ ስለሚረዝም ይቅርታ።

መኪናዬ ነጠላ ጋቢና ሃይሉክስ ናት። ሞተሯ 5ኤል የሚባለው የናፍጣ ሞተር፣ 3 ሊትር፣ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) የላትም። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሥራዬ ከሸዋሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ጭኖ የጣርማ በርን ዳገት መውጣት ነው። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ከሁለት ወር ወዲህ አቅም አነሳት። በሦስተኛ ማርሽ የምትወጣውን ዳገት አሁን በሁለተኛ እያቃሰተች ሆነ። ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ አንድ ዙር ነድቶ «የፖምፓው ፕሬሸር ወርዷል፣ እንጨምርለት» አለ፤ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ፖምፓ ግፊት ማለቱ ነው። ከፖምፓው ጀርባ ያለችውን ቡሎን ዳዶዋን አላልቶ ግማሽ ዙር አስገባት። ሚኒሞው፣ ማለት ሳትረገጥ የምትሠራበት ፍጥነት፣ ወዲያው ዘለለ፤ እሱን በሌላ ቡሎን መለሰው። ሜዳ ላይ ስነዳት እውነት ለመናገር ደስ ብላኝ ነበር።

ጣርማ በር ላይ ግን ጉድ ሆንኩ። ከኋላዬ ያለው መኪና እስኪጠፋ ድረስ ጥቁር ጭስ። የሙቀት ጌጁ ከመሃል አለፈ። ናፍጣውንም ትጠጣው ጀመር። ተመልሼ ሄድኩ። «ገና ነው፣ ሩብ ዙር ይጨመርላት» አለኝ።

እሺ ልበል? አንድ ነገር ረሳሁ። ጠዋት ጠዋት አልነሳም ትላለች። ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ስምንት አስር ጊዜ ስጫነው ትነሳለች።


ቦሌ_ቱርቦ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡31

ጨምረው ባክህ። ናፍጣ ሞተር ካላጨሰ ምኑን ናፍጣ ሆነ? የኔንም እንደዛው ነው ያደረግኩት። አሁን አስፋልት ትቀዳለች።


ጋሼ_ፖምፓ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ልጄ፣ ሩብ ዙሩን ተወው። ሌላውን ነገ እጽፍልሃለሁ፤ ዓይኔ ደክሟል። እስከዚያ ጭነት ይዘህ ጣርማ በርን እንዳትወጣ።


ሽንኩርት_ጫኝ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡12

እሺ ጋሼ፣ እጠብቃለሁ። ነገ ገበያ አለ፣ ግን ባዶዋን አቆማታለሁ።


ጋሼ_ፖምፓ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡40

እንግዲህ ቡና ይዤ ተቀምጫለሁ።

«ፕሬሸር» የምትለው ቃል ብዙ ሞተር ገድላለች። ሰው ሁሉ ይላታል፤ የትኛውን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን የለም። ያንተ መካኒክ የነካት ቡሎን የፕሬሸር አይደለችም። የመጠን ናት። ሙሉ ነዳጅ ስትረግጥ በአንድ ምት ስንት ናፍጣ ይግባ የሚለውን ትወስናለች። ስትገባ ናፍጣው ይበዛል፤ ግፊቱ ግን ያው ነው። ሚኒሞው የዘለለውም ለዚህ ነው። ከመጠን በላይ ከገባች ደግሞ ነዳጅ ስትለቅ ሞተሩ አልወርድም እያለ ያንጎራጉራል። እሱ ላይ የደረሰ መኪና አይቻለሁ። ባለቤቱ ቁልፉን ነቅሎ ሮጠ፤ ሞተሩ ግን መጮሁን አልተወም።

አሁን ወደ አየሩ። ናፍጣ ለመንደድ አየር ይፈልጋል። ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማ በር ከ3,000 በላይ። የባሕር ጠረፍ ላይ አየሩ 101 ኪሎ ፓስካል ይገፋል። ሸዋሮቢት ላይ 87 ገደማ ነው፤ ጣርማ በር ጫፍ ላይ 70 አካባቢ። ይህ ማለት ከገበያ ተነስተህ ዋሻው ጋ እስክትደርስ ሞተርህ ከሚስበው አየር አንድ አምስተኛው ገደማ ይቀርበታል። ተርቦ ቢኖራት የተወሰነውን ታካክስ ነበር። ያንቺ… ይቅርታ፣ ያንተዋ የላትም። አየሩ እየቀነሰ አንተ ናፍጣ ጨመርክ። የተረፈው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ወጣ። ጥቁር ጭስ ማለት በጭስ ማውጫ የሚሄድ ያንተ ብር ነው።

ብሩ ይቅር። ዋናው ሙቀቱ ነው። ብዙ ናፍጣ በትንሽ አየር ሲነድ የሚወጣው ጋዝ በጣም ይግላል። የዚህ ቤተሰብ ሞተሮች፣ 2ኤልም 3ኤልም 5ኤልም፣ ቴስታታቸው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሲሞቅ መሰንጠቅ ይወዳል። ጌጁ ከመሃል አለፈ ስትለኝ ነው ቡናዬን ያስቀመጥኩት።

መካኒክህን ግን አልሰድበውም። ግማሽ እውነት ይዟል። ፖምፓው ውስጥ በእውነት ፕሬሸር አለ። ከውስጥ ትንሽ ክንፋም ፓምፕ አለች፤ ናፍጣውን ከታንኩ የምትስበው እሷ ናት። የፖምፓውን የውስጥ ግፊት በጥቂት ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ትይዘዋለች። ሞተሩ ሲፈጥን ግፊቱም ይጨምራል። ያ ግፊት ታች ያለችውን ፒስተን ገፍቶ ታይሚንጉን፣ ማለት ናፍጣው የሚረጭበትን ቅጽበት፣ ያስቀድማል። ግፊቱ ከወረደ ታይሚንጉ ይዘገያል፣ ሞተሩም አቅም ያጣል። ስለዚህ «ፕሬሸር ወርዷል» ማለቱ ስህተት ላይሆን ይችላል። ግን ለምን ወረደ? ጠዋት የእጅ ፓምፑን ስምንት ጊዜ ትጫናለህ። መልሱ እዚያ ነው ያለው። ናፍጣው ሌሊት ወደ ታንኩ ይመለሳል። አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

ይህን አድርግ። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው የምትሄደውን ጎማ አውጥተህ በውስጡ የሚያሳይ ቱቦ አስገባ። ፋሸታውን (ጎማውን የሚያጠብቀውን ቀለበት) በደንብ እሰር። አስነሳና ተመልከት። አረፋ እየተከታተለ የሚያልፍ ከሆነ ተገኘ።


የመስመር_ነርስ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡22

ይቅርታ፣ እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ነርስ ነኝ። ወንድሜ ፒክአፕ ስለሚነዳ ነው እዚህ የምገባው። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ከፍተኛ ግፊት ያለበትን መስመር ሞተሩ እየሠራ በእጅ አትዳስሱ። የናፍጣ ፍንጣቂ ቆዳ በስቶ ይገባል። ከውጭ ስታዩት የመርፌ ጫፍ ያህል ነው፤ አያደማም፣ መጀመሪያ ላይ ብዙም ላያም ይችላል። ውስጡ ግን ይበላሻል። እንዲህ ያለ ሰው ያኔውኑ ቀዶ ሐኪም ጋ መድረስ አለበት። «ነገ ካልተሻለኝ እሄዳለሁ» የሚባል ነገር የለም፤ ጣት የሚቆረጠው በዚህ ነው። ፍሳሽ ስትፈልጉ ካርቶን ተጠቀሙ።


ጋሼ_ፖምፓ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡40

እግዜር ይስጥሽ ልጄ። መጀመሪያ መጻፍ የነበረብኝ እሱን ነበር።


ቦሌ_ቱርቦ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡15

ጋሼ አከብርዎታለሁ፣ ግን የኔ ስድስት ወር ሆናት። ምንም አልሆነችም። ወሬ ነው።


ጋሼ_ፖምፓ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡50

አንተ የምትነዳው ከቦሌ ሲኤምሲ ነው። እሱ የሚነዳው 1,200 ኪሎ ሽንኩርት ጭኖ ሽቅብ ነው።


ጅዳ_ነጂ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡02

ጋሼ፣ እኔም ልግባበት። ጅዳ ነው ያለሁት፤ የአሠሪዬን ሃይሉክስ ዲ-ፎር-ዲ ነው የምነዳው፣ 2.5 ሊትር፣ ሞተሩ 2ኬዲ የሚባለው። በሀዳ በኩል ወደ ጣኢፍ ስወጣ መሃል ላይ የሞተር መብራት ትበራለች። ከዚያ መኪናዋ ታንቀላፋለች፤ ብረግጥም አትሄድም። አጥፍቼ ሳስነሳት ትስተካከላለች። በመመርመሪያ (ስካነር) ሲያዩት ፒ0087 የሚል የብልሽት ኮድ አለ። እዚህ ያለው ሰው «ፖምፓው ፕሬሸር የለውም፣ ሙሉውን እንቀይር» ይላል። ዋጋውን ስሰማ ተቀመጥኩ። የእኔስ ቡሎን የላትም?


የስካነር_ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ወንድሜ፣ ይቺኛዋን ለኔ ተዋት፤ ጋሼ ካልተቆጡኝ።

ቡሎን የላትም። ያንተዋ ኮመን ሬይል ናት። ፖምፓው ናፍጣውን አንድ ወፍራም ቧንቧ ውስጥ አምቆ ያስቀምጠዋል፤ ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ከዚያ በኤሌክትሪክ እየተከፈቱ ይወስዳሉ። በሚኒሞ 300 ባር አካባቢ ነው። ስትረግጣት ከ1,300 ባር በላይ ይወጣል። ግፊቱን የሚያዘው ኮምፒውተሩ ነው። ፖምፓው ላይ ያለች አንዲት ቫልቭ ወደ ውስጥ የሚገባውን ናፍጣ እየመጠነች ትታዘዘዋለች። ፒ0087 የሚልህ «ያዘዝኩትን ግፊት አላገኘሁም» ነው። ፖምፓው ሞቷል አላለህም።

ስለዚህ ፖምፓ ከመግዛትህ በፊት ሰውዬው የታዘዘውንና የተገኘውን ግፊት ጎን ለጎን አድርጎ ያሳይህ። ዳገት ላይ፣ ተረግጣ። ሁለቱ ቁጥሮች የሚለያዩበትን ቦታ እይ። ከዚያ ከርካሹ ጀምር። የናፍጣ ፊልትሮ ቀይር፣ ውሃውን አፍስስ። ቀጥሎ ያቺ ቫልቭ ናት፤ መጣበቅ ትወዳለች። ከተቀየረች በስካነር ማስተማር፣ ማለት ኮምፒውተሩ አዲሷን እንዲያውቃት ማድረግ፣ አለባችሁ፤ አለዚያ ሚኒሞዋ ይዋዥቃል። ከዚያ ከኢንጀክተሮቹ ተርፎ የሚመለሰውን ናፍጣ በአራት ጠርሙስ መለካት። አንዱ ከሌሎቹ አብልጦ ከሞላ ግፊቱ የሚያመልጠው በእሱ ነው።

ደግሞ ኢንተርኔት ላይ የሚሸጥ ትንሽ ሳጥን አለ፤ ሴንሰሩ ላይ ትሰካለህ፣ «ጉልበት ይጨምራል» ይሉሃል። የሚሠራው ኮምፒውተሩን በመዋሸት ነው። ግፊቱ ዝቅ ያለ አስመስሎ ይነግረዋል፣ እሱ ደግሞ ይጨምራል። እንዳትገዛ።


ጋሼ_ፖምፓ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡48

አልቆጣህም፤ ጎበዝ። ሌላም ልጨምር። በ5ኤል ዓይነቱ አሮጌ ሞተር ላይ የታመመውን ሲሊንደር ለማግኘት የኢንጀክተር ዳዶ አንድ በአንድ እናላላለን። በኮመን ሬይል ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው ካያችሁ ቁልፉን ቀሙት። ነርሷ የተናገረችው ይደርስበታል።


ዴንቨር_ናፍጣ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡20

ከዴንቨር ሰላም ብያለሁ። እዚህም በከፍታ እንታማለን። እኔ ጋ ያለችው የ2001 ዶጅ ራም ናት፣ 5.9 ከሚንስ። በዚች ላይ ሁሉም ሰው ጌጅ ይገጥማል። ለምን ብትሉ፣ ከፖምፓው በፊት ናፍጣ የምታቀብል ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አለች፤ እሷ ቀስ እያለች ትሞታለች። የምታቀብለው ግፊት ከ10 ፒኤስአይ (ይህም የግፊት መለኪያ ነው) በታች ሲወርድ ትልቁ ፖምፓ ማቀዝቀዣና ማለስለሻ ያጣል። እንደሚታወቀው ማለስለሻው ያው ናፍጣው ነው። እኔ በ60 ዶላር ጌጅ ስስት ትልቁን ፖምፓ ቀበርኩት። ከዚያ በኋላ ነው ጌጁን የገዛሁት። ሳቁብኝ።


ሽንኩርት_ጫኝ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጋሼ፣ ተገኘ!

የሚያሳየውን ቱቦ ከሕክምና ዕቃ መሸጫ ገዛሁ። አስገብቼ አስነሳኋት። አረፋው እንደ አምቦ ውሃ ነው። ቀጥሎ የጎረቤቴ ልጅ አንድ ዘዴ ነገረኝ። ንጹሕ ናፍጣ በጀሪካን አድርገን ከፖምፓው ከፍ አድርገን ሰቀልንና ቱቦውን በቀጥታ ከዚያ ሰጠናት። አረፋው ጠፋ። ድምጿ ራሱ ተለወጠ። ስለዚህ ችግሩ ከፖምፓው በፊት ነው ብለን ወደ ኋላ ሄድን።

ፊልትሮው ጋ የምትገባዋ ጎማ ፋሸታዋ ዝጎ ከሥሩ ተሰነጣጥቃለች። ከውጭ ደረቅ ናት፤ አንድ ጠብታ አታፈስም። ለካ አየር እየሳበች ናፍጣ አታወጣም። የእጅ ፓምፑ ላስቲክም አልቋል። ፊልትሮውን ገልብጬ ሳፈስሰው ግማሽ ስኒ የሚሆን ውሃ ወጣ፤ ከሥሩ ጥቁር ዝቃጭ አለ። ታች መንገድ ላይ ናፍጣ ሲጠፋ ከበርሜል እገዛ ነበር፤ የዚያ ይመስለኛል።

ጎማውን፣ ፋሸታውን፣ ፊልትሮውን ቀየርኩ። ዛሬ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ! ጭሱ ግን አሁንም አለ። ሚኒሞ ላይም ቶክ ቶክ የሚል ድምፅ አላት።


ጋሼ_ፖምፓ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡15

ጭሱማ ይኖራል፤ ግማሽ ዙሩ እዚያው ነዋ። አየር እየሳበች አቅም ስታጣ ናፍጣ ተጨመረላት። አሁን አየሩ ቆመ፣ ትርፉ ናፍጣ ቀረ።

ቡሎኗን በደንብ አጽዳና በባትሪ እያት። አሮጌ የቀለም ምልክት ይኖራታል። ቡሎኗና ዳዶዋ ላይ የነበረው መስመር አሁን ተሰብሯል። መስመሩን መልሰህ ግጠም። ከመንካትህ በፊት ግን ዛሬ ያለችበትን በሌላ ቀለም ምልክት አድርግ፤ በስልክህም ፎቶ አንሳ። ዳዶዋን ስታጠብቅ ቡሎኗ አብራ እንዳትዞር በካቻቢቴ ያዛት። ከዚያ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ሚኒሞውን በደቂቃ 750 ዙር አካባቢ አድርገው።

ቶክ ቶኩ ከኖዝል፣ ናፍጣውን ከሚረጨው የኢንጀክተር ጫፍ፣ ይመስለኛል። ይህ ደግሞ ሌላኛው ፕሬሸር ነው፤ እውነተኛው የሚስተካከል ፕሬሸር። ኖዝሉ ውስጥ ሞላ አለ። ናፍጣው ያንን ሞላ አሸንፎ ነው መርፌውን የሚያነሳው። በዚህ ዓይነት ሞተር ከ100 ባር በላይ ነው የሚከፈተው፤ ትክክለኛውን ቁጥር ከሞተሩ መመሪያ ነው የሚወስዱት። ሞላው ሲደክም ቀድሞ ይከፈታል። ናፍጣው በጉም ፋንታ በጠብታ ይገባል። የሚስተካከለው ከሞላው ላይ በምትቀመጥ ስስ ሮንዴላ ነው። 0.05 ሚሊ ሜትር ብትወፍር ግፊቱ በጥቂት ባር ይነሳል። ቤት ውስጥ የሚሠራ አይደለም። አራቱንም አውጥተህ የኖዝል መሞከሪያ ወዳለው ሰው ውሰድ። ስትመልሳቸው የሥር ሮንዴላዎቹ አዲስ ይሁኑ።


ቦሌ_ቱርቦ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡33

ለአንድ ቶክ ቶክ ይህ ሁሉ?


የስካነር_ልጅ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡36

የሚንጠባጠብ ኖዝል ፒስተን ይበሳል ወንድሜ። ቶክ ቶኩ ደጃፍ ማንኳኳት ነው።


ጅዳ_ነጂ
ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡10

የስካነር ልጅ፣ እጅህ ይባረክ። ፊልትሮው ብቻውን ለውጥ አመጣ ግን አላዳናትም። ዳገት ላይ ስካነሩን ይዘን ወጣን። የታዘዘው ሽቅብ ይሄዳል፤ የተገኘው መሃል ላይ ይቀራል። ቫልቯን ቀየርን፣ በስካነር አስተማርናት። ዛሬ ጣኢፍ ደርሼ ተመለስኩ፤ መብራቷ አልበራችም። አሠሪዬ ፖምፓው ምን ያህል ነበር ብሎ ጠየቀኝና ዋጋውን ስነግረው ምሳ ጋበዘኝ።


ሽንኩርት_ጫኝ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡55

ሁሉንም ላሳውቅ።

የቀለም መስመሩ ነበረ፣ ቢጫ። ገጠምኩት። ግማሽ ዙር የተባለው ለካ ከግማሽ ይበልጥ ነበር። ኖዝሎቹን አዲስ አበባ ወሰድኳቸው። ሦስቱ ተቀራራቢ ናቸው። የሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ በ30 ባር ያህል ቀድሞ ይከፈታል፤ ጫፉም እንደ ቧንቧ ይንጠባጠባል። ኖዝሉ ተቀየረ፣ የቀሩት በሮንዴላ ተስተካከሉ። ባለሙያው አንዱን እያስረጨ አሳየኝ፤ ጉም ነው የሚመስለው። አሮጌውን ሲያስረጭ ደግሞ የሕፃን ሽንት።

ትናንት ጭኜ ወጣሁ። ደብረ ሲና ድረስ ምንም የለም። ከዚያ ሽቅብ ሁለተኛና ሦስተኛ እየቀያየርኩ። በእውነት ሜዳ ላይ ያቺ ያለፈው ሳምንት ጉልበት የለችም፤ ቀንሳለች። ግን ጌጁ መሃል ላይ ቆመ። በመስታወት ሳይ ስስ ጭስ ብቻ ነው፣ ያውም ዋሻው አካባቢ። ናፍጣም ቀነሰች፤ ስንት እንደሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞልቼ እነግራችኋለሁ።

ለመካኒኩም ነገርኩት። መጀመሪያ አኮረፈ። በኋላ «ያቺን የምታሳይ ቱቦ ከየት ገዛህ?» አለኝ።


ጋሼ_ፖምፓ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

ደስ ብሎኛል። ጉልበቷ ቀነሰ ያልከው ልክ ነው፤ ያ ጉልበት የተበደርከው ነበር። ጊዜ ስታገኝ ፖምፓውን ቴስት ቤንች (የፖምፓ መሞከሪያ ማሽን) ላይ አሳየው፤ የውስጡን ግፊትና የአራቱን መስመር መጠን ይለኩልሃል። አንዳንዱ ፖምፓ የከፍታ ማካካሻ አለው፤ ያንተ ካለውም መሥራቱን ያዩልሃል። አሁን አያስቸኩልም።


ቦሌ_ቱርቦ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

ጋሼ… አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ዛሬ እንጦጦ ወጥቼ ነበር። ጌጁ ትንሽ… ብቻ የእኔን መመለስ ፈልጌ ነው። የቀለም ምልክት ግን የላትም።


ጋሼ_ፖምፓ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡06

ስንት ዙር ነው ያስገባኸው?


ቦሌ_ቱርቦ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡07

አልቆጠርኩም።


ጋሼ_ፖምፓ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

ነገ ጠዋት ይዘሃት ና። በቀስታ ንዳት፤ በእንጦጦ በኩል እንዳትዞር።